በሰሜን ሸዋ ገጠር መንገዶች የሚታዩ የቆዩ የእርሻ መሣሪያዎች

በአማራ ክልል የሚገኘውን የሰሜን ሸዋ ዞን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ያቋርጠዋል። የቆየ የእርሻ ዕቃ ማየት የፈለገ ሰው ግን ከአስፓልቱ መውጣት አለበት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ከምትርቀው ደብረ ብርሃን አንዱ መንገድ ወደ አንኮበር፣ ሌላው በደነባ በኩል ወደ እነዋሪ ይገነጠላል። ጣርማ በር ላይ ደግሞ የመንዝ መንገድ በሰላ ድንጋይ አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ ይሄዳል።

በጽሑፍ ከቆዩት ወሬዎች አንዱ የአንኮበር የውኃ ወፍጮ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1813–1847 እ.ኤ.አ.) በውጭ አገር ባለሙያ እንዳስተከሉት፣ ካህናቱም የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንዳስቆሙት አውሮፓውያን ተጓዦች ጽፈዋል። ይህ የተጓዦቹ ቃል ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የግል ሰፋፊ እርሻዎችን ወደ መንግሥት አዛወረ። የደጋው ማሳ ግን ጠባብና ተዳፋት ስለሆነ ከበሬ አልተላቀቀም።

ብዙ የተጻፈለት ኢልካ የተባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ደብረ ብርሃን ላይ የሠራበት ጊዜ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ መቀናጆ ፍለጋ ሲንከራተት፣ ተመራማሪዎቹ ሞፈሩን አሳጥረው፣ ቀንበሩን ለአንድ በሬ አንገት አስተካክለው፣ ኃይሉን በገመድ የሚያስተላልፍ የአንድ በሬ ማረሻ አወጡ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ገበሬው ግን በስፋት አልያዘውም።

ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው የጥቁር አፈር ፕሮጀክት የታወቀው ቢቢኤም የተባለው ሰፊ መደብ ማውጫ ነው። ሁለት የአገር ማረሻ ጎን ለጎን ተጣምረው የተሠራ፣ በክንፉ አፈሩን ወደ መደብ የሚሰበስብ፣ በኋላው በሚጎተት ሰንሰለት የሚያስተካክል መሣሪያ ነው። መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ውኃ ስለሚቋጥር ዘሩ እስከ መስከረም ይጠብቅ ነበር፤ ውኃው በቦዩ ፈስሶ ከወጣ ግን ስንዴው በክረምቱ መግቢያ ይዘራል።

የሞረትና ጅሩ ወረዳ ገበሬ ይህን የመደብና የቦይ ዘዴ ከማንም አልተማረም። እነዋሪ አካባቢ መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት ማሳው በበሬ ቦይ ይወጣለትና ሴቱም ልጁም ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በእጁ እየዛቀ መደቡ ላይ ይከምረው ነበር። ተመራማሪዎቹም መነሻ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ክብሩ በቅድሚያ የሚገባው ለእነዚያ እጆች ነው። ዛሬ በጅሩ ሜዳ በኩታ ገጠም በተዘራው ስንዴ ላይ ኮምባይነር ይታያል።

በመንገድ ዳር ዝጎ የቆመ ትራክተር የሚፈልግ ብዙ አያገኝም፤ አሮጌ ብረት እዚህ ሥራ አይፈታም። የመኪና ቸርኬ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የትምህርት ቤት ደወል ይሆናል። እርፍ፣ ሞፈር፣ ድግርና ቀንበር ከእንጨት ይጠረባሉ፤ ወገሉና ማረሻው ግን የቀጥቃጭ እጅ ይፈልጋሉ። በድንጋያማ ማሳ ማረሻ ቶሎ ስለሚያልቅ ገበሬው በገበያ ቀን ይዞት ይመጣል። ቀጥቃጩ ወናፉን እያስነፋ የሚያግለው ብረት ብዙ ጊዜ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። ከከሰሉ አጠገብ ተራውን የሚጠብቀው ቁራጭ ላይ የቡሎኑ ቀዳዳ ገና አልተደፈነም።