ስለ «ብሌድ» ሁለተኛ ክፍል ጣና ዳር የሰማኋቸው ስሕተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ዓሣ በሚጠበስበት አንድ ቤት አራት ጓደኛሞች ተቀምጠን ነበር። ቆሮሶው እስኪደርስ ወሬው ከቤት ኪራይ ተነሥቶ፣ በልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ በኩል ዞሮ፣ ማን እንዳነሣው ሳይታወቅ ፊልም ላይ አረፈ። ሁላችንም ወደ አርባ የተጠጋን፣ የባሕር ዳር ቪዲዮ ቤቶች ያሳደጉን ሰዎች ነን፤ ስለ ፊልም ስንከራከር ድምፃችን ከሚገባው በላይ ይጮኻል። የዚያን ቀን ጥያቄ አንድ ነበር፤ የቫምፓየር አዳኙ የ«ብሌድ» ሁለተኛ ክፍል የመጀመሪያውን ያህላል ወይስ አያህልም? ሦስቱ አያህልም አሉ። እኔ ያህላል፣ በአንዳንድ ነገርም ይበልጠዋል አልኩ።

በክርክሩ ተሸነፍኩ። መሸነፌ ሳይሆን ያሸነፉኝ በፊልሙ ውስጥ በሌሉ ነገሮች መሆኑ ነው ያናደደኝ። ቤቴ ገብቼ ሁለቱንም ፊልሞች በተከታታይ አየኋቸውና የሰማሁትን ስሕተት አንድ በአንድ መዘገብኩ። መጨረሻቸውን ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየን ፊልም መጨረሻ ተናገርክብኝ ብሎ የሚቀየም ካለ ይቀየም።

«ኖማክ የብሌድ ወንድም ነው»

ይህ ስሕተት ባለቤት አለው። በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ከፊት አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ፣ እንግሊዝኛ አውቃለሁ የሚል ጎረምሳ ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ይተረጉማል፤ ያልገባው ሲመጣ ዝም ከማለት ይልቅ ፈጥሮ ይናገራል። ያ ራሱ መላጣ፣ አገጩ ለሁለት የሚሰነጠቅ ፍጡር ከብሌድ ጋር ሲፋጠጥ «ወንድሙ ነው! ወንድሙ ነው!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሙሉ አመነው። እኔም ለዓመታት አምኜው ኖሬያለሁ።

ኖማክ ወንድምነቱ ለኒሳ ነው። ሁለቱም የቫምፓየሮቹ ገዥ የዳማስኪኖስ ልጆች ናቸው። ዳማስኪኖስ ድክመት የሌለበት አዲስ የቫምፓየር ዘር ለመፍጠር ሲሞክር የገዛ ልጁን መሞከሪያ አደረገው፤ ሙከራው ሲበላሽበትም ጣለው። የተጣለው ልጅ ሰውንም ቫምፓየርንም የሚበላ፣ ሪፐር የሚባል ዘር እያበዛ ይመለሳል። ቫምፓየሮቹ ፈርተው የድሮ ጠላታቸውን ብሌድን እርዳታ የሚለምኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ዝምድና የሳተ ሰው ፊልሙን አየሁት ባይል ይሻለዋል፤ ታሪኩ የአባትና የልጅ ነውና። ኖማክ በመጨረሻ አባቱ ፊት ይቆማል፤ አባቱንም ይገድላል። ከዚያ ከብሌድ ጋር ተዋግቶ ሲወጋ ሰይፉን በገዛ እጁ ወደ ልቡ ይገፋዋል። ልጠላው ሞክሬ ያቃተኝ የቫምፓየር ፊልም ጠላት እርሱ ብቻ ነው።

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው ይህ ስሜት እንግዳ አይሆንበትም። ሥዕሉ ላይ በላዔ ሰብእ አለ፤ 78 ነፍስ የበላው። ለአንድ ለተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛኑን ደፍቶለት ተማረ። አያቴ ታሪኩን ስትነግረኝ መጀመሪያ በላተኛውን ፈራሁት፤ ሚዛኑ ጋ ስትደርስ ግን ለእርሱው ተጨነቅሁ። ኖማክ ጥርኝ ውኃ የሚሰጥበት አጋጣሚ አላገኘም፤ ማንም አላማለደውም። ይህን ማነጻጸሬን የነፍስ አባቴ ቢሰሙ ይገሥጹኝ ይሆናል።

«ሁለቱንም የሠራቸው አንድ ሰው ነው»

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን የመጀመሪያውን ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ስቲፈን ኖሪንግተን ነው። በ2002 የወጣው ሁለተኛው የሜክሲኳዊው የጊየርሞ ዴል ቶሮ ሥራ ነው። የሁለቱም ጽሑፍ የዴቪድ ጎየር ነው፤ መሪ ተዋናዩም ዌስሊ ስናይፕስ እንደሆነ ቀጥሏል። ዴል ቶሮ ከዚያ በፊት በ1993 በሜክሲኮ ስለ አንድ ደም የሚያስጠማ ጥንታዊ ዕቃና ስለተያዘበት ሽማግሌ ፊልም ሠርቶ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላም አንዲት ሴት ከውኃ ፍጡር ጋር ስትዋደድ በሚያሳይ ፊልም የምርጥ አዘጋጅነት ኦስካር ተቀበለ። ጭራቅን ቀርቦ ማየት የዚህ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ኖማክን እንዲያሳዝን አድርጎ መሥራቱ ስለዚህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

«ድብድብ ከበዛ ታሪክ የለም ማለት ነው»

ከባዱ ክስ ይህ ነው፤ ከሦስቱ ጓደኞቼ ሁለቱ የሙጥኝ ያሉትም ይህንኑ ነው። እውነት አላቸው፤ ሁለተኛው ክፍል ድብድቡ የበዛ ነው። ከአስተናባሪዎቹ አንዱ የሆንግ ኮንጉ ዶኒ የን ነው፤ ራሱም አንድ ቃል የማይተነፍስ ሰይፈኛ ሆኖ ተጫውቷል። ስናይፕስ ከልጅነቱ ጀምሮ ማርሻል አርት የተማረ ሰው ስለሆነ በቅርብ ቀረጻ የምናየው ምቱ የራሱ ነው።

ነገር ግን ቪዲዮ ቤት ያደገ ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል፤ አክተር አይሞትም። በመጀመሪያው ፊልም ብሌድ ሠላሳ ቫምፓየር ውስጥ ሲገባ የምንጠብቀው ማሸነፉን ሳይሆን እንዴት እንደሚያሸንፍ ነው። የብር ጥይት አለው፣ ነጭ ሽንኩርት አለው፣ ሰይፍ አለው፤ ሁሉም ይሠራሉ። ሁለተኛው ፊልም እነዚህን መሣሪያዎች አንድ በአንድ ይነጥቀዋል። ሪፐሮቹ ብር አይገድላቸውም። ነጭ ሽንኩርት አያሳክካቸውም። ልባቸው በአጥንት ተሸፍኗል፤ ይህንንም የምናውቀው ሬሳ ሲቀደድ በሚታይበት፣ ዓሣዬን አስቀምጬ ካላሰብኩት የሚሻለኝ ትዕይንት ነው። የቀረው የፀሐይ ብርሃን ብቻ ነው፤ ጦርነቱ ደግሞ ከመሬት በታች በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍልሚያ ጥያቄ ይዞ ይገባል።

ሌላም አለ። ከብሌድ ጎን የተሰለፉት ቫምፓየሮች እርሱን ራሱን ለመግደል ሁለት ዓመት የሠለጠኑ ናቸው። ብሌድ ይህን ስለሚያውቅ አንደኛውን፣ አፉ የማያርፈውን፣ ጭንቅላቱ ላይ ፈንጂ ለጥፎበት ይዞት ይዞራል። ወደ ጠላት ሲተኩሱ ዓይናቸው እርስ በርስ ነው። በድብድቡ ውስጥ ማን ማንን እንደሚጠብቅ፣ ማን ማንን እንደሚተው ከተከታተላችሁ ታሪኩ እዚያው ነው፤ ንግግር እስኪመጣ የጠበቀ ሰው አልፎት ይሄዳል።

ለከሳሾቼ የምሰጣቸው ግን አለኝ። ከመብራቶቹ ፊት ለፊት በሚደረገው በመጀመሪያው የሰይፍ ፍልሚያ አንዳንዱ ዝላይ የሰው ሳይሆን በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ነው፤ እንደ ላስቲክ አሻንጉሊት ይተጣጠፋል። በሰፈራችን ትንሽ ቴሌቪዥን አይታወቅም ነበር፤ ዛሬ በትልቁ ሲታይ ያሳፍራል። የብሌድ የራሱ ሕይወትም በሁለተኛው ፊልም ብዙ አይራመድም። በመጀመሪያው እናቱ እርሱን አርግዛ ሳለች እንደተነከሰች፣ ሞተች ያላት እናቱም ቫምፓየር ሆና እንደምትጠብቀው እናያለን፤ እንዲህ ያለ ቁስል በሁለተኛው ውስጥ ለብሌድ አልተሰጠውም። ቁስሉ ለኖማክና ለኒሳ ተላልፏል።

«ዊስለር ሞቷል፤ መመለሱ ስሕተት ነው»

ብሌድን አሳድጎ አዳኝነትን ያስተማረውን ዊስለርን የተጫወቱት እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፉት ዘፋኙና ተዋናዩ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን ናቸው። በመጀመሪያው ፊልም ሽማግሌው ክፉኛ ተነክሶ ብሌድን ሽጉጥ ይለምነዋል። ብሌድ ሰጥቶት ይወጣል፤ ተኩሱን ከውጭ እንሰማለን። ሬሳ አላየንም። ስለዚህ ሁለተኛው ፊልም ሰውየውን ቫምፓየሮች ወስደውት ነበር ብሎ ሲጀምር የጣሰው ነገር የለም።

ጉድለቱ ከመመለሱ በኋላ ነው። ብሌድ ፕራግ ድረስ ሄዶ አዛውንቱን ካገኘው በኋላ በአንድ ሌሊት መድኃኒት ያድነዋል። ይህን ያህል ጊዜ የተፈለገ ሰው ጠዋት መስኮቱ ሲከፈት ጤነኛ ሆኖ ይነሣል። ጉንፋን እንኳን እንዲህ አይለቅም።

«ቫምፓየር ፀሐይ የሚገድለው ከጥንት ጀምሮ ነው»

ይህኛው ስሕተት የጓደኞቼ ብቻ ሳይሆን የዓለም ሁሉ ነው። ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው «ድራኩላ» ውስጥ ካውንት ድራኩላ በቀን ለንደን ውስጥ ይታያል፤ በቀን ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይቃጠልም። ቫምፓየር በንጋት ብርሃን ሲጠፋ ያሳየው በ1922 በጀርመን የተሠራው ድምፅ አልባ ፊልም «ኖስፌራቱ» ነው። ከዚያ በኋላ ፊልም ከፊልም እየወረሰ ሕግ ሆነ።

በስቶከር መጽሐፍ ሌላ የተረሳ ሕግ አለ። ቫምፓየር ወራጅ ውኃ በራሱ መሻገር የሚችለው የባሕር ውኃ ሲሞላ ወይም ጸጥ ሲል ብቻ ነው። ጣና እንደ ባሕር ሞልቶ የሚጎድልበት ሰዓት የለውም፤ ዓባይም ከሐይቁ ወጥቶ እየወረደ ነው። ስለዚህ ድራኩላ ባሕር ዳር ቢመጣ ከድልድዩ ወዲህ ማዶ ቆሞ ይቀር ነበር። ይህን ስናገር ከሳቁት መካከል የሚከራከረኝ አልተገኘም።

ብሌድ ሁለት ይህን ከፊልም የተወለደ ሕግ እስከ መጨረሻው ይጠቀምበታል። በኖማክ የተነከሰችው ኒሳ ወደ ሪፐር ከመለወጧ በፊት መሞት ትመርጣለች፤ ብሌድ አቅፏት የፀሐይ መውጫ ፊት ይቆማል፤ ገላዋም በክንዱ ላይ አመድ ሆኖ ይበተናል። ለቫምፓየር አዳኝ ፊልም ትልቁ የሐዘን ትዕይንት የቫምፓየር ሞት መሆኑን ልብ በሉ።

«ያ ሰማያዊ ፈሳሽ ፈጠራ ነው»

በመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ ብሌድ ጠላቱን የሚያፈነዳበት መርፌ ማለት ነው። ስሙ ኢዲቲኤ ነው፤ በእውነትም አለ። ላቦራቶሪ ገብታችሁ ደም ስትሰጡ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ውስጥ ያለው እርሱ ነው፤ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ስለሚይዝ ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል። ፈጠራው ማፈንዳቱ ነው። ፍንዳታው ራሱ፣ የሰውየው ገላ እንደ ፊኛ ሲነፋ፣ የመጀመሪያው ፊልም አስቀያሚ ደቂቃ ነው፤ የኮምፒውተር ምስልን በሁለተኛው ብቻ የሚወቅሱ ይህን ይመልከቱ።

«ቫምፓየር ማለት የእኛ ቡዳ ነው»

እዚህ ላይ ቀልዴን አቆምኩ። ቡዳ በሚባለው እምነት ጉዳቱ በዓይን ነው፣ በዘር ይወረሳል ይባላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ቫምፓየር ሞቶ የተነሣ ነው፤ በጥርሱ ይነክሳል፤ ንክሻው ይጋባል። ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ግን ማንን ጎዳ የሚለው ነው። በአውሮፓ የቫምፓየር ፍርሃት ሙታንን ከመቃብር አስወጥቶ አስቆርጧል፤ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ሐኪሟን ቫን ስዊተንን አስመርምራ ይህን እ.ኤ.አ. በ1755 እስከ መከልከል ደርሳለች። በእኛ አገር ቡዳ የተባሉት ግን በሕይወት ያሉ ጎረቤቶች ናቸው። ማረሻችንን የቀጠቀጡ፣ እንስራችንን የሠሩ ሰዎች በዚህ ስም ተገፍተዋል፤ ልጆቻቸው በጋብቻ ተከልክለዋል። ፊልም እያዩ «ያው ቡዳ ነው» ማለት እንደ ቀላል ጨዋታ ይመስላል። ከጓደኞቼ የአንዱ አያት ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ እርሱ በዚያ ሰዓት ዓሣውን ዝም ብሎ ይፈለፍል ነበር።

የቀሩት ሁለቱ ቀላል ናቸው። «ማርቭል በፊልም የተሳካለት በሸረሪቱ ሰው ነው» ለሚሉ፣ ብሌድ በማርቭል የሥዕል መጽሔት ላይ የታየው በ1973 ነው፤ ፊልሙም ከኤክስ ሜን ሁለት ዓመት፣ ከሸረሪቱ ሰው አራት ዓመት ቀድሟል። «ሁለተኛው ለገንዘብ የተሠራ ነው» ለሚሉም፣ የመጀመሪያው 45 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት 131 ሚሊዮን ያህል አስገባ፤ ሁለተኛው በ54 ሚሊዮን ተሠርቶ 155 ሚሊዮን ያህል አስገባ። ሁለቱም ለገንዘብ ተሠርተዋል። ለበጎ አድራጎት የተሠራ የቫምፓየር ፊልም እኔ አላውቅም። በ2004 የወጣውን፣ ጸሐፊው ጎየር ራሱ ያዘጋጀውን ሦስተኛውን ክፍል በተመለከተ ግን ጓደኞቼ የተናገሩትን ሁሉ ፈርሜ እቀበላለሁ።

መምህር የሆነው ጓደኛዬ ሁለቱን ፊልሞች በፍላሽ ገልብጬ ሰጥቼው እንደገና ሊያያቸው ወሰደ፤ የተሸነፈ የሚቀጥለውን ዓሣ እንዲከፍል ተስማምተናል። ማክሰኞ ማታ ከእራት በኋላ ደወለ። «ስለ ኖማክ ልክ ነህ» አለኝ፤ ትንሽ ዝም ብሎ «የዊስለርን በአንድ ሌሊት መዳን ግን አልቀበልም» ሲል ጨመረ።

እኔም አልቀበልም። ቆሮሶውን ግን እርሱ ይከፍላል።