ውሃውን ተከትሎ የሚሄድ ሳፋሪ፦ ኦካቫንጎ፣ ቾቤ፣ ዛምቤዚ

በደቡባዊ አፍሪካ በመኪና እየተጓዘ የዱር እንስሳት ማየት የሚፈልግ ሰው ከሚመርጣቸው መስመሮች አንዱ ይህ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ናሚቢያ ተነስቶ የኦካቫንጎን ወንዝ ይዞ ቦትስዋና ይገባል። ማዉን ከተማ ላይ ስንቅና ነዳጅ ይሞላል። በሞሬሚና በሳቩቲ አሸዋ አቋርጦ ካሳኔ ላይ ከቾቤ ወንዝ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ዛምቤዚን ተሻግሮ ቪክቶሪያ ፏፏቴ ጋ ጉዞው ያበቃል። በአማርኛ ፈልጌ ያገኘሁት የአስጎብኚ ማስታወቂያ ብቻ ስለሆነ ያለኝን ሰብስቤ እዚህ አስቀምጫለሁ። በእጄ ያለው መረጃ አብዛኛው ስለ ቦትስዋና ነው። ጽሑፉም ወደዚያው ያደላል። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ወሮቹ ግን የኛው ናቸው።

ውሃው

ኦካቫንጎ ባሕር የማያይ ወንዝ ነው። የአዋሽ ዘመድ በሉት። አዋሽ አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር ሁሉ፣ ኦካቫንጎም ካላሃሪ አሸዋ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የሚነሳው ከአንጎላ ደጋ ነው። እዚያ ስሙ ኩባንጎ ነው። ኩይቶ የሚባል ሌላ ወንዝ ናሚቢያ ድንበር ላይ ይቀላቀለዋል። ሞሄምቦ ላይ ቦትስዋና ከገባ በኋላ መጀመሪያ በጠባብ ሸለቆ ይወርዳል። አስጎብኚዎቹ ይህን ክፍል የመጥበሻ እጀታ ይሉታል። ከዚያ በኋላ እንደ እጅ ጣት ይበታተናል፤ ዴልታ የሚባለው ይህ ነው። ከሳተላይት ሲታይ ቡናማ መሬት ላይ የተዘረጋ አረንጓዴ መዳፍ ይመስላል። ዴልታው በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 1000ኛው ቅርስ ነበር።

አንጎላ ላይ ዝናቡ የሚከብደው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው። ውሃው ግን አይቸኩልም። 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚወርደው 60 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፓፒረሱ፣ ማለትም የጣናው ደንገል፣ እየያዘ ያዘገየዋል። ስለዚህ ሞሄምቦን በሚያዝያ የሞላው ውሃ ማዉን የሚደርሰው በሰኔ፣ አንዳንዴም በሐምሌ ነው። ያን ጊዜ ማዉን ላይ ጠብታ ዝናብ የለም። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሣሩ ደርቋል፣ ወንዙ ግን ይሞላል።

ማዉንን የሚያቋርጠው ታማላካኔ ደርቆ ከከረመ የውሃው መምጣት ራሱ ትዕይንት ነው። ድምፅ የለውም። አሸዋው ላይ ቀጭን ምላስ ብቅ ይላል። ከፊቱ ቅጠል፣ ገለባና ጉንዳን እየገፋ፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ቆሞ እየሞላ፣ ከሰው እርምጃ ባነሰ ፍጥነት ይመጣል። ወፎች ከጉድጓዳቸው የሚሸሹትን ነፍሳት እየለቀሙ ከፊት ከፊቱ ይሄዳሉ። ልጆችም እንደዚያው።

በዓመት የሚገባው ውሃ በአማካይ 10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ 74 ቢሊዮን እንደሚይዝ ላስታወሰ ሰው ያን ያህል ብዙ አይደለም። ከዚህም ከመቶ 95 በላይ የሚሆነው በትነትና በዕፅዋቱ በኩል ወደ አየር ይመለሳል። ይህ ሁሉ ውሃ ሲተን ጨዉ የት ይሄዳል? መልሱ ከምስጥ ይጀምራል። ውሃው በሸሸበት ዘመን ምስጦች ኩይሳ ይሠራሉ። ውሃው ሲመለስ የኩይሳው ጫፍ ብቻ ከላይ ይቀራል። ወፍ ያርፍበትና ዘር ይጥላል። ዛፍ ይበቅላል። ዛፎቹ በሥራቸው ውሃውን ሲስቡ ጨዉ ከደሴቱ ሥር፣ መሃል መሃሉ ላይ ይከማቻል። ለዚህ ነው ትልልቆቹ ደሴቶች ዙሪያቸው ደን፣ መሃላቸው ራሰ በራ የሆነው። መሃሉ ነጭ ጨው ነው። ዙሪያው ያለው ውሃ ግን ይጠጣል። ጉማሬ ደግሞ ማታ ማታ ሣር ፍለጋ ሲመላለስ ደንገሉን እየጣሰ ቦይ ይከፍታል።

ከዴልታው በስተምዕራብ ጉማሬ የሚባል ከተማ አለ። ሐበሻ ካርታው ላይ ሲያየው ፈገግ ይላል። ግን እንስሳው በሴትስዋና «ኩቡ» ነው። የከተማው ስምም ሲጠራ «ኹማሬ» ወደሚለው ያደላል። ስሙ ዴልታውን በአንድ ወገን ለሚያዋስነው የመሬት ስንጥቅም ተሰጥቷል። በሌላው ወገን ያለው የታማላካኔ ስንጥቅ ነው። ብዙ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ይህ የታላቁ ስምጥ ሸለቆ የመጨረሻ ጭራ ነው ይላሉ። ሁሉም አይስማሙም። እኔ ግን ከአፋር የጀመረው ነገር እዚህ ያበቃል ቢባል ደስ ይለኛል።

የተፋሰስ ነገር ሲነሳ ጆሮው ለሚቆም አንባቢ፦ አንጎላ፣ ናሚቢያና ቦትስዋና በ1994 የጋራ የወንዝ ኮሚሽን አቋቁመዋል። በዚያው አሥር ዓመት ናሚቢያ በድርቅ ጊዜ ውሃውን በቱቦ ወደ ዊንድሁክ ለመውሰድ ስታስብ ቦትስዋና ውስጥ ብዙ ጩኸት ተነስቶ ነበር።

የትኛው ወር?

ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው። መልሱ ግን ያናድዳል። ሁሉንም የሚያሳይ ወር የለም።

ፏፏቴው የሚሞላው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። 1,708 ሜትር ስፋትና 108 ሜትር ቁመት ያለው የውሃ መጋረጃ ይሆናል። ሰዉ «ሞሲ ኦ ቱንያ» ይለዋል፤ የሚያጓራ ጭስ ማለት ነው። የኛ ሰው ጢስ ዓባይ እንዳለው። ሊቪንግስተን በኅዳር 1855 ሲያየው በንግሥቱ ስም ቪክቶሪያ አለው። በሚያዝያ ጭሱ ከመብዛቱ የተነሳ ፏፏቴውን ራሱን ይጋርደዋል፤ ጃንጥላም አያስጥልም። በዚያው ወር ግን ሞሬሚና ቾቤ ብዙም እንስሳ አይታይም። በየጉድጓዱ ውሃ አለ፣ ሣሩ ከመኪና መስኮት በላይ ነው፣ እንስሳው ተበትኗል።

በመስከረምና በጥቅምት ተገላቢጦሽ ነው። ጉድጓዶቹ ይደርቃሉ። ዝሆኑ፣ ጎሹ፣ አጋዘኑ በሙሉ ወደ ቾቤ ዳር ይወርዳል። ፏፏቴው ግን በዛምቢያ በኩል አብዛኛው ባዶ ድንጋይ ይሆናል። ሙቀቱም ቀልድ አይደለም፤ 40 ዲግሪ ይጠጋል።

እኔ ብጠየቅ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እላለሁ። ዴልታው ሞልቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ እንስሳው መሰብሰብ ጀምሯል፣ ፏፏቴውም ገና ጉልበት አለው። የሚከፈለው ዋጋ ብርድ ነው። ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ማለዳ ጣሪያ በሌለው መኪና ለሚወጣ ሰው ጋቢ ያስፈልገዋል። ስቀልድ አይደለም፣ ይያዙ። ከኅዳር እስከ የካቲት የወፍ ወዳጆች ጊዜ ነው።

ሞሬሚ እና ሞኮሮ

ከዴልታው ምሥራቃዊ ክፍል ሰፊው የሞሬሚ ጥብቅ ሥፍራ ነው። የተቋቋመው በ1963 ነው፣ ቦትስዋና ነፃ ከመውጣቷ ሦስት ዓመት በፊት። ያቋቋሙት የቅኝ ገዥ ሹማምንት ሳይሆኑ የባታዋና ሕዝብ ናቸው። ሐሳቡን ወደፊት የገፉት የሟቹ የአለቃ ሞሬሚ ሳልሳዊ ባለቤት እመት ፑላኔ ሞሬሚ ነበሩ። አደኑ በዝቶ እንስሳው ሲመናመን መሬታችንን ራሳችን እንከልል አሉ። በአፍሪካ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ የከለለው የመጀመሪያው ሥፍራ ነው ይባላል። ይህን የሚጠራጠር አለ፤ እኔ ግን ከዚህ የሚቀድም አላየሁም። በክልሉ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የቡጋክዌ ሰዎች በዚያው ምክንያት ወደ ኽዋይ መንደር ተነስተዋል።

ሞኮሮ ጠባብ ታንኳ ናት። የጣናዋ ታንኳ ከደንገል ትታሰራለች፤ ሞኮሮ ግን ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ ነበር የምትሠራው። አሁን ዛፉን ለማዳን አብዛኞቹ ከፋይበርግላስ ይሠራሉ። ሰውየው ከኋላ ቆሞ «ንጋሺ» በሚባል ረጅም እንጨት ወለሉን እየገፋ ይነዳታል። ተሳፋሪው ውሃው ላይ የተቀመጠ ያህል ነው፤ የውሃ አበባው ዓይኑ ትክክል ይሆናል። ውሃው በአሸዋና በደንገል ተጣርቶ ስለመጣ ወለሉ ይታያል። ሸምበቆው ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ እንቁራሪት ተለጥፋ ትገኛለች። ሰውየው ጥልቁን ቦይ ይሸሻል፤ እዚያ ጉማሬ አለ። ጥልቁን ማቋረጥ ግድ ከሆነበት መጀመሪያ ቆሞ ያዳምጣል።

ካፕሪቪ እና ካዙንጉላ

ካርታ ላይ ናሚቢያ ወደ ምሥራቅ የምትዘረጋው ቀጭን ጣት አለች፤ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ትረዝማለች። በ1890 ጀርመንና እንግሊዝ ሲዋዋሉ የመጣች ናት። ጀርመን በዛንዚባር ላይ ያላትን ጥያቄ ትታ የሄሊጎላንድን ደሴትና ይህችን መሬት ወሰደች። ሐሳቡ በዛምቤዚ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ መውረድ ነበር። ከታች ፏፏቴ መኖሩን ሊቪንግስተን ከጻፈ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። መሬቱ በቻንስለሩ በካፕሪቪ ስም ተጠራ። በ2013 ምሥራቃዊው ክፍል ዛምቤዚ ክልል ተብሏል። መንገዱ የሚያልፈው በብዋብዋታ ፓርክ መሃል ነው፤ ፓርኩ ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ዝሆንም አስፋልቱን ያቋርጣል።

ካዙንጉላ ደግሞ አራት አገሮች የሚጠጋጉበት ነው፦ ቦትስዋና፣ ዛምቢያ፣ ዚምባብዌና ናሚቢያ። አራቱ በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ ወይስ ቦትስዋናና ዛምቢያ መሃላቸው አጭር የጋራ ድንበር አላቸው? በ1970፣ ያኔ ናሚቢያን ታስተዳድር የነበረችው ደቡብ አፍሪካ የጋራ ድንበር የለም ብላ ተከራክራ ነበር። ዛሬ አጭር የጋራ ድንበር አለ የሚለው ያመዝናል። ለዓመታት መሻገሪያው ጀልባ ብቻ ነበር። የጭነት መኪና ቀናት ይሰለፍ ነበር፤ የጋላፊን ሰልፍ የሚያውቅ ሹፌር ነገሩ ይገባዋል። በግንቦት 2021 ድልድዩ ተከፈተ። ርዝመቱ 923 ሜትር ነው። የባቡር ሐዲድም ታስቦለታል። ቀጥ ያለ አይደለም፣ እንደ ቀስት ጎብጧል። የጎበጠው የዚምባብዌን ድንበር እንዳይነካ ነው። የፖለቲካ ጉብጠት በኮንክሪት ቆሞ ማየት ከፈለጉ እዚያ አለ።

ካሳኔ ፊት ለፊት ቾቤ ወንዝ መሃል ሴዱዱ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ናሚቢያዎች ካሲኪሊ ይሏታል። ሁለቱ አገሮች ዘሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተካሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ1999 ለቦትስዋና ፈረደ። ዛሬ ጎሽ ይግጥባታል፣ የቦትስዋና ባንዲራም ተተክሎባታል። የማታ ጀልባዎች በዙሪያዋ ይዞራሉ።

ዝሆኖቹ

አምስት አገሮች (አንጎላም ተጨምራ) በ2011 ካዛ የተባለውን ድንበር ተሻጋሪ ጥብቅ ክልል በስምምነት መሥርተዋል። በ2022 ከአየር ሲቆጠር በክልሉ 227,900 ዝሆን ተገምቷል። ከ130,000 በላይ የሚሆነው ቦትስዋና ውስጥ ነው። ቦትስዋና በ2014 አደን ከለከለች፣ በ2019 ደግሞ መለሰች። አውሮፓ ያለ ብዙ ሰው ይህን ይኮንናል። ማሳውን ዝሆን የበላበት ገበሬ ግን ሌላ ሐሳብ አለው፤ እኔም ለእሱ አደላለሁ። በ2024 ጀርመን አዳኞች ለማስታወሻ ይዘው በሚመጡት የእንስሳ አካል (ጥርስ፣ ቀንድ፣ ቆዳ) ላይ ገደብ ልታጠብቅ ስትል የጊዜው ፕሬዚዳንት ማሲሲ 20,000 ዝሆን ልላክላችሁ ብለው ነበር።

ስንቅ፣ ጎማ፣ ቢጫ ካርድ

ብዙ ሰው የሚሄደው ጣሪያው ላይ ድንኳን በተገጠመለት ፒክአፕ ወይም ላንድክሩዘር ነው። መሪው በቀኝ፣ መንዳቱ በግራ ነው። ሞሬሚና ሳቩቲ ከባድ አሸዋ ስለሆነ ጎማ ማስተንፈስ ግድ ነው፤ መልሶ ለመንፋት ትንሽ ኮምፕሬሰር ይያዙ። አሸዋ የማይፈልግ ከማዉን በናታ ዞሮ ካሳኔ ይደርሳል፤ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። በፓርኮቹ ውስጥ ከመንገድ መውጣትና በሌሊት መንዳት ክልክል ነው። የድንኳን ሥፍራዎቹ አጥር የላቸውም። ጅብ ውጭ ያደረ ጫማ ይዞ ይሄዳል። የደረቁ ወራት ቦታ ከብዙ ወራት በፊት ይያዛል።

ሥጋ ላይ ይጠንቀቁ። ቦትስዋና የበሬ ሥጋ ለአውሮፓ ስለምትሸጥ የአፍና የእግር በሽታን (የኛን አፍተግር) አጥብቃ ትፈራለች። አገሩ በእንስሳት ሕክምና አጥር ተከፋፍሏል። ኬላው ላይ ማቀዝቀዣው ይከፈታል፣ ጥሬ ሥጋ ይወረሳል። ለቁርጥ ወዳጅ መራር ነው። ጫማዎን መድኃኒት የነከረ ምንጣፍ ላይ ያብሳሉ፤ መኪናውም የመድኃኒት ኩሬ ረግጦ ያልፋል።

ከአዲስ አበባ አየር መንገዳችን ከ2017 ጀምሮ ቪክቶሪያ ፎልስ ድረስ ይበራል፤ መስመሩን ከዚያ ወደ ኋላ መጀመርም ይቻላል። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። በዝናቡ ወራት የወባ መከላከያ ክኒን ያስፈልጋል። ዛምቢያንና ዚምባብዌን በአንድ የሚያስገባ የካዛ ቪዛ አለ፤ ዋጋው 50 ዶላር ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሐበሻ ያገኘዋል። የሌሎች አገሮች ዝርዝር ስላለው ቀድሞ ማየት ነው።

ሳቩቲ

መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ካርታ ስለማይታመንበት ነው። የሳቩቲ ቦይ ከሊንያንቲ ረግረግ ውሃ ይዞ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ማለት ሲፈልግ። በ1982 ገደማ ቆመ። ከ25 ዓመት በላይ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ኖረ፣ መኪና ሄደበት። ከ2008 በኋላ ውሃው ድንገት ተመለሰ። ያን ዓመት የዝናቡ መጠን ብቻ አያስረዳውም፤ የመሬቱ ስንጥቅ እንቅስቃሴ ነው የሚሉ አሉ። በቦዩ መሃል የደረቁ ረጃጅም ግራሮች ቆመዋል። በአንድ ደረቅ ዘመን በቅለው፣ በ1950ዎቹ ውሃው ሲመለስ ሰጥመው የሞቱ ናቸው። ካርታው ላይ ሰማያዊ መስመር አለ። ከማዉን ወይም ከካሳኔ ከመነሳትዎ በፊት ከዚያ የተመለሰ ሹፌር ፈልገው ቦዩ ውሃ ነው አቧራ ብለው ይጠይቁ።