ትሬስ ሎግ ምንድን ነው? ኮል ትሬስ ማለት አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ አየሁት። አንድ ሰው ክራሽ ያደረገ የሊኑክስ ሰርቨር ስክሪን በስልኩ ፎቶ አንስቷል። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ መሃል ላይ «ኮል ትሬስ» የሚል መስመር። ከሥሩ «ትሬስ ሎጉ ይኸው፣ ችግሩ ዲስኩ ነው» ብሎ ጽፏል። ሌላው ተቀበለና «አዎ፣ ከላይ ያለው የፋይል ሲስተም ፈንክሽን ነው፣ ዲስኩን ቀይሩት» አለ። (ፈንክሽን አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል ነው፤ ፋይል ሲስተም ደግሞ ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጀው ነው።)

ፎቶው ላይ ትሬስ ሎግ የለም። ያለው ኮል ትሬስ ነው። ስማቸው ስለተቀራረበ ብቻ ሁለቱን እያምታታን ጤነኛ ዲስክ እንነቅላለን። እኔም ነቅያለሁ። ለዚህ ነው ነገሩ የሚከነክነኝ።

መኪና ሲጋጭ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ያነሳል። መኪናው የት እንደቆመ፣ ጎማው ወዴት እንደዞረ፣ ከመንገዱ ዳር ስንት ሜትር እንደሚርቅ ይለካል። ኮል ትሬስ ማለት ይሄ ፕላን ነው። ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ በወደቀባት ቅጽበት የትኛው ፈንክሽን ውስጥ እንደነበረ፣ እሱን ማን እንደጠራው፣ ጠሪውን ደግሞ ማን እንደጠራው ከስታኩ (ማን ማንን እንደጠራ ከሚያዝበት ሚሞሪ) ላይ ተነብቦ ይወጣል። የአንዲት ቅጽበት ሥዕል ነው። ያውም የአንድ ሲፒዩ ብቻ።

ትሬስ ሎግ ግን ጉዞው ነው። ከግጭቱ በፊት በነበሩት ሰከንዶች የትኛው ሲፒዩ መቼ ምን እንደሠራ በማይክሮ ሰከንድ እየተለካ የተመዘገበበት ነው። ሊኑክስ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ኤፍትሬስ ነው። ከ2008 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አለ። የምትፈልጉትን ክስተት ካላበራችሁለት ግን አይመዘግብላችሁም። ብዙ ሰው ክራሽ ከተፈጠረ በኋላ ትሬስ ሎግ ሲፈልግ የሚያጣው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን አንዲት ቪትዝ የመብራት ፖል ገጭታ ቆማለች እንበል። ፕላኑ ላይ ያሉት ቪትዟና ፖሉ ብቻ ናቸው። ሚኒባስ ድንገት ገብቶባት መሪ ያዞረች ብትሆንስ? ሚኒባሱ ሳይነካት ሄዷል። ፕላኑ አልዋሸም፤ የለካውን ለክቷል። ሚኒባሱን ግን አያውቀውም።

ከርነል ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሚኒባስ ሞልቷል። አንድ ድራይቨር (ከርነሉን ከአንድ ሃርድዌር ጋር የሚያገናኝ ኮድ) የለቀቀውን ሚሞሪ እንደገና ይለቅቃል፤ ወይም የእሱ ባልሆነ ሚሞሪ ላይ ይጽፋል። እሱ ምንም አይሆንም፤ ሥራውን ይቀጥላል። ትንሽ ቆይቶ ያንን ሚሞሪ በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሌላ ፈንክሽን ያነበዋል፣ ቆሻሻ ያገኛል፣ ይወድቃል። ኮል ትሬሱ ላይ ከላይ የሚጻፈው የወደቀው ስም ነው። «ከላይ ያለው ነው ጥፋተኛው» የሚለው ወንድሜ የተሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከላይ ያለው ብዙ ጊዜ ተጎጂው ነው።

ይህን ስል ኮል ትሬስ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ብዙ ክራሽ በእሱ ብቻ ይፈታል። ግን በደንብ ይነበብ። ከፈንክሽኑ ስም በፊት የጥያቄ ምልክት ያለባቸው መስመሮች አሉ። እነዚህ ስታኩ ላይ የተገኙ ነገር ግን በትክክል መጠራታቸው ያልተረጋገጠ አድራሻዎች ናቸው፤ ቀድሞ ካለፈ ጥሪ የተረፉ ሊሆኑ ይችላሉ። በእነሱ ላይ ታሪክ አትገንቡ። ሌላው ደግሞ፣ ስህተቶቹ ብዙ ከሆኑ የመጀመሪያውን ፈልጉ። ቁጥር 1 የሚል ምልክት አለው። ስክሪን ላይ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ የመጀመሪያው ያመጣው መዘዝ ሊሆን ይችላል።

ወደ ትሬስ ሎጉ ልመለስ። ዋናው ጣጣ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የሚቀመጠው ሚሞሪ ውስጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሲፒዩ የተለየ ባፈር፣ ማለትም ጊዜያዊ ማከማቻ፣ አለው። ባፈሩ ሲሞላ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ አብሮ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ክርክር አለ። «ቫር ሎግ ውስጥ ገብቼ አየሁ፣ ክራሽ የሚል ነገር የለም። ስለዚህ መብራት ነው የሄደው።» ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ! (ቫር ሎግ ሊኑክስ የሎግ ፋይሎቹን የሚያስቀምጥበት ፎልደር ነው።) መብራት ስለሚሄድ ሁሉንም በመብራት ማሳበብ ይቀላል። ፋይሉ ውስጥ ምንም አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም። ፋይሉ ላይ የሚጽፈው ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። ያ ፕሮግራም እንዲሠራ ደግሞ ከርነሉ በሕይወት መኖር አለበት። ከርነሉ ሲወድቅ ጸሐፊውም አብሮ ይወድቃል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን መልእክት ራሱን አንብቡት፦ «ከርነል ፓኒክ፣ ኖት ሲንኪንግ» ይላል። ወደ ዲስክ ያልተጻፈውን አልጽፍም እያላችሁ ነው። ምክንያት አለው። የራሱ ሚሞሪ መበላሸቱን ያወቀ ከርነል ዲስክ ከነካ ፋይል ሲስተሙንም ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ትሬስ ሎጉን የሚያወጣ ሌላ ሰው ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ግጭቱ ከደረሰ በኋላ ፖሊስ መጥራት አይቻልም፤ ማሽኑ ሪስታርት ሲያደርግ መኪናው ከቦታው ተነስቷል።

ቀላሉ መንገድ ከርነሉ ሲወድቅ የትሬሱን ባፈር ራሱ ወደ ኮንሶሉ፣ ማለትም መልእክቱን ወደሚያወጣበት ስክሪን ወይም ገመድ፣ እንዲተፋው ማድረግ ነው። ኤፍትሬስ ደምፕ ኦን ኡፕስ የሚባል ማብሪያ አለ። 1 ስትሉት የሁሉንም ሲፒዩ ያወጣል፣ 2 ስትሉት የወደቀውን ሲፒዩ ብቻ። ኮንሶሉ ሲሪያል (ቢት በቢት የሚልክ ዘገምተኛ ገመድ) ከሆነ ግን ሒሳቡን ሥሩ። በ115,200 ፍጥነት በሰከንድ 11,520 ባይት ገደማ ነው የሚያልፈው። የአንድ ሲፒዩ ባፈር እንደወትሮው 1.4 ሜጋባይት ቢሆንና 8 ሲፒዩ ቢኖራችሁ 11 ሜጋባይት ይሆናል። ይሄ ከሩብ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር ደግሞ ያብጣል። የሚታተመው ከአሮጌው ጀምሮ ነው። መሃል ላይ ዋችዶጉ (ማሽኑ ሲደርቅ በራሱ የሚያስነሳው ቆጣሪ) ማሽኑን ሪስታርት ካደረገው የምታጡት በጣም የምትፈልጉትን፣ የመጨረሻዎቹን ሚሊ ሰከንዶች ነው። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ባፈሩን አሳንሱት። 2ን መምረጥም ጊዜ ይቆጥባል፤ ሚኒባሱ በሌላ ሲፒዩ ላይ ካለፈ ግን አታዩትም።

እኔ የማምነው ኬደምፕን ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ማሽኑ ገና ሲነሳ ከሚሞሪው ላይ የተወሰነ ቦታ፣ ለምሳሌ 256 ሜጋባይት፣ ይታጠርና ሁለተኛ ከርነል እዚያ ይቀመጣል። ምንም ሳይሠራ ይጠብቃል። መንገዱ ዳር ከጠዋት ጀምሮ ሜትሩን ይዞ የተቀመጠ ፖሊስ በሉት። ዋናው ከርነል ሲወድቅ በባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም) በኩል ሳያልፍ በቀጥታ እሱ ይነሳል። የታጠረለት ቦታ ላይ ስለሚሠራ የሟቹን ሚሞሪ እንዳለ ያገኘዋል፤ ገልብጦ ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል። ዲስኩን የሚነካው የታመመው ከርነል ሳይሆን ጤነኛው ነው። ከዚያ የተቀመጠውን ፋይል ክራሽ በሚባለው መሣሪያ ከፍታችሁ፣ ትሬስ የሚባለውን ተጨማሪ ጭናችሁ፣ የኤፍትሬስን ባፈር ሙሉውን ታወጣላችሁ። እዚህ የሲሪያል ፍጥነት አያስጨንቅም። ባፈሩን እንደልባችሁ ማስፋት ትችላላችሁ።

ሳትጠይቁኝ ሦስት ነገር ልጨምር። ሁሉም ስህተት ማሽኑን ወዲያው አይጥለውም። ኡፕስ የሚባለው የከርነል ስህተት፣ ስህተቱ የተፈጠረበትን ሥራ ብቻ ገድሎ ማሽኑ እያነከሰ እንዲቀጥል ሊያደርግ ይችላል። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሲወድቅ ባፈሩ ላይ የምትፈልጉት ነገር ተደምስሷል። ፓኒክ ኦን ኡፕስን 1 አድርጉት፣ በመጀመሪያው ስህተት ይውደቅ። ሁለተኛ፣ የተቀዳው ሚሞሪ ውስጥ ፓስዎርድም የደንበኛ መረጃም ሊኖር ይችላል። በቴሌግራም አትላላኩት። ሦስተኛ፣ ኬደምፕን ጭናችሁ አትተዉት፣ ሞክሩት። ሥራ በሌለበት ሰዓት በሲስአርኪው (ከርነሉን በቀጥታ ማዘዣ መንገድ) በኩል «ሲ» ልካችሁ ማሽኑን ሆን ብላችሁ ጣሉት። ሁለተኛው ከርነል ዲስኩን የሚያውቅበት ድራይቨር እንደሌለው ያወቅኩት እንዲህ ስሞክር ነው።

ለኬደምፕ የሚሆን ቦታ ለሌለው ትንሽ መሣሪያ ራምኡፕስ አለ። ሪስታርት ሲደረግ የማይነካ የሚሞሪ ክፍል ይመደብና የመጨረሻዎቹ መልእክቶች እዚያ ይቀመጣሉ። አንድሮይድ ስልኮች ላይም ይሠራበታል። የሚያተርፈው ግን ኃይል ካልተቋረጠ ብቻ ነው። የኃይል ቁልፉን ተጭኖ የሚያጠፋ ሰው ካለ ማስረጃው ሄደ። ኔትኮንሶል ደግሞ መልእክቱን በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን ይልካል። ጥርጣሬያችሁ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር ላይ ከሆነ አትመኩበት።

የኔን ልንገራችሁ። ቀድሞ እሠራበት የነበረ ቦታ አንድ ሰርቨር በየሳምንቱ፣ ሁልጊዜ ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ባካፕ ሲጀምር ይወድቅ ነበር። ኮል ትሬሱ ላይ ከላይ ያለው የፋይል ሲስተም ፈንክሽን ነው። ዲስኩን ቀየርን። በሚቀጥለው ሳምንት ወደቀ። ኮንትሮለሩን ቀየርን። ወደቀ። ከዚያ በኋላ ነው ኬደምፕን አዘጋጅቼ፣ ኤፍትሬስ ላይ የሚሞሪ መያዝና መልቀቅን አብርቼ፣ ለእያንዳንዱ ሲፒዩ 20 ሜጋባይት ሰጥቼ የጠበቅኩት።

ሲወድቅ የተበላሸውን አድራሻ ከኮል ትሬሱ አካባቢ ካለው መረጃ ወሰድኩና ትሬስ ሎጉ ውስጥ ፈለግኩት። ሦስት መስመር ወጣ። በመጀመሪያው፣ ሲፒዩ 3 ላይ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር ያንን አድራሻ ለቀቀ። በሁለተኛው፣ ከ40 ማይክሮ ሰከንድ በኋላ፣ ሲፒዩ 5 ላይ ፋይል ሲስተሙ እዚያው አድራሻ ላይ ሚሞሪ ያዘ። በሦስተኛው፣ ሲፒዩ 3 ላይ ያው ድራይቨር ያንኑ አድራሻ እንደገና ለቀቀ። የፋይል ሲስተሙ ንብረት ከእጁ ተወሰደ። ባካፑ ኔትወርኩን ሲያጨናንቀው ብቻ የሚፈጠር ነገር ነበር።

የድራይቨሩን አዲስ ቨርዥን ጫንን። ሰርቨሩ መውደቁን አቆመ። መጀመሪያ የነቀልኩትን ዲስክ ሌላ ማሽን ላይ ሰካሁት፤ እኔ ከዚያ እስክወጣ ድረስ ይሠራ ነበር።