«ሽቦ አጥሬ ነበር እኮ!»፦ ስለ ዳክዬና ሸለምጥማጥ የሚባለውና እውነታው

በደብረ ብርሃን ዙሪያም ሆነ ወደ መንዝ ወጣ ብሎ ኩሬ ቆፍሮ ዳክዬ የሚያረባ ሰው፣ አንድ ሌሊት መንጋው አልቆ ሲያድር ጠዋት የሚለው ነገር አይለወጥም፦ «ሽቦ አጥሬ ነበር እኮ!» ማጠሩስ ታጥሯል። የትኛው ሽቦ ነው? ከታች እስከ የት ይደርሳል? ከላይስ? ይህ ሲጠየቅ ዝምታ ነው። ሽቦው ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን ቀለል ያሉትን እንጨርስ።

«ጫጩቶቹን ወደ ውኃ እየጎተተ የሚበላቸው ኤሊ ነው።» ይህ በስልክ ከሚታይ ቪዲዮ የመጣ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ነካሽ ኤሊ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያ የዳክዬ ጫጩት በእርግጥ ይወስዳል፤ አብዛኛው ቀለቡ ግን የውኃ ተክል፣ ዓሣና ጥንብ ነው። እኛ አገር የለም። በቆላው የሚታየው የየብስ ኤሊ ደግሞ ሣር በል ነው፤ አትንኩት።

«ቀይ ቀበሮ ነው የጨረሰብኝ።» የጓሳው ቀይ ቀበሮ ኑሮው በአይጥ ነው፤ የሚያድነውም በቀን። በሌሊት ተዘግቶ ባደረ ቤት ውስጥ ለሞተ ዳክዬ እሱን መክሰስ ያሳፍራል። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የሌለ፣ በሕግ የተጠበቀ እንስሳ መሆኑም አይረሳ።

«ሸለምጥማጥ ደሙን መጥጦ ይሄዳል።» አይመጥም። አንገት ወይም ጭንቅላት ነክሶ ይገድላል፤ ደሙ አብዛኛው ቆዳው ሥር ስለሚቀር መሬት ላይ አይታይም። አንዱን በልቶ የቀሩትን ገድሎ የሚሄደውም ጠባብ ቤት ውስጥ መውጫ አጥቶ የሚራወጥ ወፍ ሁሉ ደጋግሞ እንዲነክስ ስለሚያነሳሳው ነው። ይልቅ ምልክት ማንበብ ልመዱ። ጭንቅላትና ደረት ተበልቶ ቀሪው ከተጣለ ሸለምጥማጥን ጠርጥሩ። አጥሩ ተጥሶ ሬሳ የሚባል ነገር ካልቀረ ጅብ ነው። ሬሳው ሳይበላ እዚህም እዚያም ከተበተነ ውሻ ነው፤ የጎረቤት ብቻ ሳይሆን የራሳችሁም ሊሆን ይችላል። በቀን ሆኖ ላባው አንድ ቦታ ተነጭቶ ከተገኘ ጭልፊት ወይም ንስር ነው።

«ዳክዬ ውኃ ላይ ካደረ ማን ይነካዋል?» ሐይቅ ቢሆን እሺ። የጓሮ ኩሬ ላይ ግን ዳክዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲዋኝ አያድርም፤ ዳር ወጥቶ መሬት ላይ ይተኛል። ዶሮ እንኳ ቆጥ ትወጣለች። አነር ደግሞ ቄጤማ ውስጥ አድብቶ መዝለልን ተክኖበታል። ጫጩት ከሆነማ አውሬም አያስፈልግም፤ ብርዱ ይበቃዋል። በዶሮ የተፈለፈለ የዳክዬ ጫጩት ከእናቱ ላባ የሚያገኘው ቅባት ስለሌለው ውኃ ውስጥ ቶሎ ይረጥባል። በመጀመሪያው ሳምንት 32 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስለታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ላባው ሳይሞላ፣ ማለትም 7 ወይም 8 ሳምንት ሳይሆነው፣ ውጪ ማሳደር መግደል ነው።

አሁን ወደ ሽቦው። «የዶሮ ሽቦ» ተብሎ የሚሸጠው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ስስ ሽቦ የተሠራው ዶሮ እንዳይወጣ ነው እንጂ አውሬ እንዳይገባ አይደለም። ውሻና ጅብ በጥርስ ይቀዱታል፤ የታችኛው ጫፍ በዳክዬ እርጥበት ዝጎ በእጅ ይበጠሳል። ለማደሪያ ቤት የሚሆነው በብየዳ የተያያዘ፣ ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ሽቦ ነው። ውድ ስለሆነ ኩሬውን በሙሉ በእሱ ለማጠር አትሞክሩ፤ ቤቱን ብቻ አጥብቁ። ለ10 ዳክዬ ከ4 እስከ 5 ካሬ ሜትር ይበቃል።

ሽቦውን ግድግዳው ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ቅበሩና ጫፉን ወደ ውጪ ሌላ 30 አጥፋችሁ ድንጋይ ጫኑበት። ቆፋሪ አውሬ የሚጀምረው ግድግዳው ሥር ነው፤ ሽቦ ሲገጥመው ራቅ ብሎ መቆፈርን አያስብም። ግድግዳው ካብ ከሆነ ክፍተቱን ሁሉ በጭቃ ምረጉ፤ ሸለምጥማጡ ቀን የሚተኛው እዚያው ካቡ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

የሚረሳው ግን ላዩ ነው። ሸለምጥማጥ ዛፍ ወጪ ነው፤ ጭንቅላቱ ካለፈ ገላው ይከተላል። ሰው በሩን በሁለት ቁልፍ ቆልፎ፣ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ትቶ ይተኛል! ክፍተቱን ግን አትድፈኑት። የዳክዬ ትንፋሹም ኩሱም እርጥብ ስለሆነ አየር የሌለው ቤት ያሳምመዋል። በዚያው ሽቦ ሸፍኑት፤ ሚስማር ብቻውን ስለሚላቀቅ ጠርዙን በጣውላ ደርባችሁ ምቱ። ጣሪያው ላይ ያዘመመ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ይቆረጥ።

«ሲመሽ ራሳቸው ይገባሉ።» ዶሮ ይገባል፤ ዳክዬ ካልለመደ አይገባም። መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ቤት ውስጥ ዝጉባቸው፤ ከዚያ የማታውን ምግብ ሁልጊዜ በ11 ሰዓት እዚያው ውስጥ ብቻ ስጡ። ዳክዬ ያለ ውኃ ሲበላ ስለሚያንቀው ምንቃሩን የሚነክርበት ውኃ አብሮ ይቅረብ። በልተው ሲጨርሱ ምግቡንም ውኃውንም አውጡ። ትርፍራፊ አይጥ ይጠራል፤ አይጥ ግድግዳ ይበሳል፤ ሸለምጥማጥም አይጡን ተከትሎ መጥቶ በተበሳው ይገባል። ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት አትክፈቱ። ዳክዬ የሚጥለው ማለዳ ነው፤ ቀድሞ ከወጣ እንቁላሉ ኩሬ ዳር ቀርቶ የቁራ ሲሳይ ይሆናል።

«ሥጋ ላይ መርዝ ቀብቶ መጣል ነው።» የእርሻ ፀረ ተባይ የተቀባ ሥጋ መጀመሪያ የሚገድለው የሠፈሩን ውሻና ጥንብ አንሳን ነው። ሸለምጥማጡ ቢሞት እንኳ ቀዳዳው እስካለ ሌላው ይተካዋል።

አንዴ የቀናው ሸለምጥማጥ በማግስቱ ሌሊትም ስለሚመለስ በዚያው ቀን ቤቱ ውስጥ ገብታችሁ በሩን ከውስጥ ዝጉ፤ ብርሃን የሚገባበትን ሁሉ በከሰል ምልክት አድርጉ። ሽቦ ያልተመታበት ሆኖ ሁለት ጣት የሚያስገባ ካለ ከመምሸቱ በፊት ይደፈን። ማታ ዙሪያውን አመድ ነስንሱ፤ በየት በኩል እንደዞረ ጠዋት ዱካው ያሳያችኋል።