ውሃ ወደ ኋላ አይመለስም ያለው ማነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ቧንቧ ስሠራ ዓመታት ሆኖኛል። በቀደም ረዳቴ የነበረ፣ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ የገባ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ እዚህ ባክፍሎው ቫልቭ የሚፈትሽ ሰው ለብቻው ፈቃድ ያወጣል። ልሞክረው?» ባክፍሎው ማለት የቆሸሸ ውሃ ወደ ንጹሑ መስመር መመለሱ ነው። ቡና ላይ ሳነሳው ግን ብዙ ነገር ሰማሁ።

«ውሃ ወደ ኋላ አይመለስም።» እንዴታ፣ ይመለሳል! ጎማ ሳሙና ያለበት በርሜል ውስጥ እንደተነከረ ውሃ ሄደ እንበል። መስመሩ ወደ ታች ሰፈር ሲራገፍ ከላይ ይስባል። ውሃ በሌለበት ቧንቧ ስትከፍቱ የምትሰሙት ፉጨት እሱ ነው። አየር ከሳበ የበርሜሉንም ይስባል። ስለዚህ እንደኛ ውሃ ሄድ መጣ በሚልበት ከተማ ነገሩ ይብሳል። ሌላው መንገድ ግፊት ነው። ከጣና ስቦ አትክልት የሚያጠጣ ፓምፕ ከከተማው መስመር ጋር ከተገናኘና ከበረታበት፣ የሐይቁ ውሃ ሻይ ማፍያችን ውስጥ ይገባል። በ1933 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ በሁለት ሆቴሎች ፍሳሽ ከመጠጥ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ፣ በአሜባ ወደ 100 የሚጠጋ ሰው ሞቷል።

«ቼክ ቫልቭ ካለ በቃ።» ቼክ ቫልቭ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ነው። አንዲት ጠጠር ከገባችበት ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ማንም አያውቅም። አርፒዜድ የሚባለው የባክፍሎው መከላከያ ግን ሁለት ቼክ አለው። በመካከላቸው ያለው ግፊት ከመግቢያው ቢያንስ በ2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ማነስ አለበት። ልዩነቱ ከዚያ ሊወርድ ሲል ከሥር ያለው ማፍሰሻ ይከፈትና ውሃውን ውጭ ይደፋል። ይህን አይተው «አንጠባጠበ» ብለው ማፍሰሻውን የሚደፍኑ አሉ። ወይ ጉድ! ማፍሰስ እኮ ሥራው ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመጀመሪያው ቼክ ላይ ነው።

«ቧንቧ ሠራተኛ ከሆነ ፈቃድ ምን ያደርግለታል?» በአሜሪካ ደንቡ እንደየግዛቱ ይለያያል። በብዙ ቦታ ግን አንድ ሳምንት ገደማ ኮርስ፣ ከዚያ የጽሑፍና የተግባር ፈተና አለ። የተግባሩ ላይ ፈታኙ ፊት ጌጁን፣ ማለትም የግፊት መለኪያውን፣ ከቫልቩ ጋር አገናኝተህ ታነባለህ። ሆን ተብሎ የተበላሸ ቫልቭ ሊሰጥህም ይችላል። ጉልበትና የቧንቧ መፍቻ እዚህ አይረዱም፤ ቅደም ተከተሉን ከሳትክ ንባቡ ውሸት ነው።

«አንዴ ካወጣህ አለቀ።» አላለቀም። ፈቃዱ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፣ ጌጁም በየዓመቱ ልኬቱ ይረጋገጣል።

ለቤታችሁ በርሜል ግን ፈታሽ አያስፈልግም። የጎማው ጫፍ ከበርሜሉ አፍ በላይ ይንጠልጠል፣ ቢያንስ የጎማውን ቀዳዳ ስፋት እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ። ውሃው እስከ አፉ ቢሞላም አይነካውም።