በአንዱ ስም የተመዘገበ ቤት የማን ነው?

ለፍቺ ጠበቃ የሚያማክር ሰው ብዙውን ጊዜ «ካርታው በስሜ ስለሆነ ቤቱ የእኔ ነው» ብሎ ይጀምራል፤ ነገር ግን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በአንቀጽ 63 እንደሚደነግገው፣ ንብረቱ በአንደኛው ተጋቢ ስም ቢመዘገብም እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የማስረዳቱ ሸክም «የግሌ ነው» በሚለው ወገን ላይ ይወድቃል። ከጋብቻ በፊት የተገኘ ወይም በውርስና በስጦታ የመጣ ንብረት በመርህ ደረጃ የግል ነው፤ ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ግን ከዚሁ የግል ቤት የሚሰበሰበው ኪራይ የጋራ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለጠበቃው ካርታውን ብቻ ሳይሆን የግዢ ውሉን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱንና የውርስ ወይም የስጦታ ሰነዱን ይዞ መቅረብ ይበጃል። የግል ቤት ተሸጦ ሌላ ከተገዛ ደግሞ፣ አዲሱ የግል እንዲባል ለፍርድ ቤት ጥያቄ መቅረብ ስላለበት፣ የሽያጩ ገንዘብ ለግዢው መዋሉን የሚያሳየው የባንክ ማስረጃ እንዳይረሳ።