በቦክስ «አገጨ ጠንካራ» ምንድን ነው?

«አገጨ ጠንካራ» የሚባለው ከባድ ቡጢ አርፎበት የማይወድቅ፣ ቢወድቅም ዳኛው አስር ቆጥሮ ሳይጨርስ ራሱን ሰብስቦ የሚነሳ ቦክሰኛ ነው። እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና ይዘው የሚከራከሩ የቦክስ ወዳጆች ግን ጉዳዩን በአንድ ጥያቄ ይዘጉታል፦ «ስንቴ ወደቀ?» እኔ በዚህ ሚዛን አልስማማም።

አገጭ ለምን እንደተመረጠ በራሳችሁ ላይ ሞክሩት። ጣታችሁን ግንባራችሁ መሃል አድርጋችሁ ወደ ኋላ ግፉ፤ አንገት ይቋቋማል። ያንኑ ጣት አገጫችሁ ጫፍ ላይ አድርጋችሁ ወደ ጎን ግፉ፤ ጭንቅላት ያለ ብዙ ትግል ይዞራል። ራስ ቅል እንዲህ በድንገት ሲዞር ውስጥ ያለው ለስላሳ አንጎል ዘግይቶ ይከተላል፣ ይጠማዘዛል፣ ለጊዜው ሥራውን ያስተጓጉላል። ጉልበት የሚከዳው ያኔ ነው። የአጥንት ውፍረት ብቻውን ብዙ አያድንም ማለት ነው። የሚያግዘው ወፍራም አንገት ነው፤ ከዚያም በላይ ቡጢው ሲመጣ ማየት። ያየ ሰው ሳያስበው አንገቱን ያጠነክራል። ለዚህ ነው አሰልጣኞች ጀማሪን የቴኒስ ኳስ በአገጩና በደረቱ መሃል አስይዘው የሚያሠሩት፤ ቀና ካለ ኳሱ ይወድቃል።

ወደ ከባድ ሚዛን ቦክሰኞቹ እንምጣ። በመውደቅ ቆጠራ ከሆነ ካናዳዊው ጆርጅ ቹቫሎ ተወዳዳሪ የለውም፤ 93 ጊዜ ተፋልሞ አንዴም አልወደቀም። በ1967 ጆ ፍሬዚየር፣ በ1970 ጆርጅ ፎርማን ያሸነፉት ዳኛ አስቁሞላቸው እንጂ እሱ በእግሩ ቆሞ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፍሎይድ ፓተርሰን በተቃራኒው በ1959 ከስዊድናዊው ኢንገማር ዮሃንሰን ጋር በአንድ ዙር ሰባት ጊዜ ወድቋል። ግን ሰባት ጊዜ ለመውደቅ ስድስት ጊዜ መነሳት ያስፈልጋል፤ በዓመቱም ያንኑ ሰው በዝረራ አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮንነት ቀበቶውን አስመልሷል።

ሌኖክስ ሉዊስ ላይ የሚፈረደው ፍርድ ደግሞ ያናድደኛል። በ1994 በማክኮል፣ በ2001 በራህማን ስለተሸነፈ «ብርጭቆ አገጭ» ይሉታል። ሁለቱንም በድጋሚ ግጥሚያ አሸንፏል። በ2003 ከቪታሊ ክሊችኮ ጋር ስድስት ዙር ሲፋለምም፣ በሁለተኛው ዙር ቢንገዳገድም አልወደቀም።

ላሪ ሆምስን በ1979 ያየ ሰው መነሳት ምን እንደሆነ ያውቃል። በሰባተኛው ዙር የኧርኒ ሼቨርስ ቀኝ እጅ አገጩ ላይ አረፈና በጀርባው ተዘረረ። ሼቨርስ በዘመኑ ቡጢው እጅግ ከሚፈሩት አንዱ ነው፤ አዳራሹ አበቃ ብሎ ነበር። ሆምስ እየተንገዳገደ ተነሳ፣ ዙሩን ጨረሰ፣ በ11ኛው ሼቨርስን አስቆመው።

የእኔ ምርጫ ግን መሐመድ አሊ ነው። በ1971 በ15ኛው ዙር የፍሬዚየር ግራ እጅ ጥሎት ወዲያው ተነስቷል፤ በ1974 ኪንሻሳ ላይ ገመዱን ተደግፎ የፎርማንን ቡጢ ሰባት ዙር ተቀብሎ በስምንተኛው ዘርሮታል፤ በ1977 ከሼቨርስ ጋር 15 ዙር ጨርሷል። አንድም ጊዜ አስር ተቆጥሮበት ወድቆ አልቀረም። በ1980 በሆምስ የተሸነፈውም አሰልጣኙ ስላስቆመለት ነው። አሊ ቡጢው ሲመጣ ያያል፤ የሚያርፍበትንም ከቡጢው ጋር አንገቱን አብሮ በማስኬድ ያቀልለዋል። ቹቫሎ የተቀበለውን ሁሉ ሙሉውን ነው የተቀበለው።

አሊ በ1984 ፓርኪንሰን የተባለው የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል በሽታ እንዳለበት ተነገረው፤ ከመጨረሻ ፍልሚያው ሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ቡጢው ድርሻ አለው የሚሉ ብዙ ናቸው። የሚታወቀው ግን አንጎል እንደ ጡንቻ በመመታት አለመጠንከሩ ነው። ስለዚህ ልምምድ ላይ «አገጩን እናጠንክርለት» ተብሎ ጀማሪ ልጅ ሲደበደብ ካያችሁ ከዚያ ጂም አውጡት፤ ተመትቶ የደነዘዘም ሐኪም ሳያየው ወደ ሪንግ አይመለስ።